አንቱ የተባለ ያዛል

ማንያህልሻል «ጫን» የሚለውን ደጋግማ ብትነካም የሽመና ማሽኑ መልሱን አልለወጠም፦ «ፈቃድ የለሽም።»

አዲሱ ፕሮግራም ካልተጫነ ደብረ ብርሃን ያለው ትንሹ የብርድ ልብስ ፋብሪካቸው መቆሙ ነው። ማሽኑን የሚያዘው ባሏ ደምሰው ደግሞ ጉልበቱን ሊታከም ነገ አዲስ አበባ ይሄዳል። በዚህ ዘመን ማሽን ይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ የሰዉን አነጋገር ያዳምጣል። አንቱ የተባለ ያዛል፣ አንቺ የተባለች ትታዘዛለች።

«እንግዲህ አንቱ በለኛ!» አለችው እየሳቀች።

ደምሰው አንገቱን አከከ። በትዳራቸው አንቱ የሚላት ሲኳረፉ ብቻ ነበር። «ወይዘሮ ማንያህልሻል፣ ከእንግዲህ ማሽኑን እርስዎ ይዘዙት» አለ።

ማሽኑ ወዲያው ተለሳለሰ። «ፈቃድ አለዎት። ፕሮግራሙ ተጭኗል።»

እልል ልትል ምንም አልቀራት። ምሳቸውን እዚያው ማሽኑ አጠገብ ሊበሉ ሲቀመጡ ግን ደምሰው እንደ እንግዳ ተሽኮርምሞ «ይብሉ እንጂ» አላት። አንቺ ካላት ፈቃዷ ይሰረዛል። የወትሮው ጉርሻም ቀረ፤ «እንኩ» ብሎ ሚስቱን የሚያጎርስ ባል የት አለ? እንጀራውን በጣቷ እየነካካች አቀረቀረች።

ደምሰው አያትና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ እጁን ዘረጋ።

«እንኪ!»

«ፈቃድሽ ተሰርዟል» አለ ማሽኑ።

«ኧረ ደምሰው! ምን ነካህ?»

«ነገ መኪና ከመሳፈሬ በፊት አንቱ እልሻለሁ» አላት። «አሁን አፍሽን ክፈቺ።»