ባለ ክዳኖቹ ኩባያዎች

ኑኃሚን ጥቅምት ላይ ሞተች። አራት ዓመቷ ነበር።

አባቷ ደምሰው ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር ይገፋል፤ እሁድ ኳየር ውስጥ ይዘምራል። እናቷ ስንዱ እዚያው ቤተ ክርስቲያን የሕፃናት ክፍል ታስተምራለች። የሚኖሩት አውሮራ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ በሚገኝ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ የጀርመን የቢራ ኩባያዎች ተደርድረዋል።

ጴንጤ ቤት ውስጥ የቢራ ኩባያ። ለልቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፍ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በአንድ መንገደኛ ነው። ደምሰው ዊልቸር የገፋላቸው አንድ ሽማግሌ ጀርመናዊ ከሴኩሪቲ እስከ ጌት ድረስ ስለ ኩባያዎቻቸው ሲያጫውቱት ሄዱ። ሽታይን ነው የሚባለው አሉት። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ዕቃ መሸጫ በገባ ቁጥር ይፈልጋል። ክዳናቸው ቆርቆሮ ነው፤ በአውራ ጣት ተጭነው ይከፍቱታል። አንዳንዶቹ ላይ የሰው ስም አለ። ወታደሮች አገልግሎታቸውን ሲጨርሱ አስጽፈው የገዟቸው ናቸው። ዛሬ እነዚያን ወታደሮች የሚያውቅ የለም፤ ኩባያው ግን አለ።

ኑኃሚን የምትወደው አንዱን ብቻ ነበር። ቂጡ ስስ ነጭ ሸክላ ነው። ባዶውን ወደ መስኮት አንስተው በአፉ በኩል ሲያዩት፣ ቂጡ ውስጥ ዝይ የታቀፈች ልጅ ትታያለች። ብርሃን ከሌለ ምንም የለም።

"ክዳኑ ለምንድን ነው?" አለችው አንድ ቀን።

"ዝንብ እንዳይገባ ነው ይላሉ።"

"ዳዲ፣ ዝንቡ ኖክ ካደረገስ?"

ከሞተች በኋላ ደምሰው ሥራ ከመሄዱ በፊት በየጠዋቱ ያንን ኩባያ መስኮቱ ጋ ያነሳል።

መዓዛ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ታየዋለች። ከኳየሩ ናት። መጀመሪያ ዝም አለች። በኋላ የቆሻሻ ገንዳው አጠገብ በጥቁር ፌስታል የታሰሩ የአልኮል ጠርሙሶች አየች፤ ይዞ የወረደው ደምሰው ነበር። አንድ ቀን ደግሞ እስከ ሞንትቤሎ ሰፈር ራይድ ሰጣት። መኪናው የስንዱ ነው። ውስጡ መጠጥ መጠጥ ይሸታል። ስንዱ መንዳት ትታለች፤ ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ወደ ሥራም ወደ ጸሎትም የሚያደርሳት እሱ ነው። ከስታለች። የረቡዕ ጸሎት መቅረት አብዝታለች። መዓዛ ይህን ሁሉ ደማምራ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ለጋሽ ምናሉ ነገረች።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሁለቱም መጡ።

"ስንዱስ?" አሉ ጋሽ ምናሉ።

"አሟታል። ተኝታለች።"

"አንተ ነህ ያሳመምካት" አለች መዓዛ።

"ቆይ እንጂ መዓዛ፣ እንቀመጥ" አሉ ጋሽ ምናሉ። ተቀመጡና ኩባያዎቹን አዩ። "ልጄ፣ ሐዘን ሰውን የት እንደሚያደርሰው አውቃለሁ። እኔም ልጅ ቀብሬአለሁ። አትዋሸኝ። እነዚህ ምንድን ናቸው?"

"ለማየት ነው የሰበሰብኳቸው ጋሼ።"

"ጠዋት ጠዋት መስኮት ላይ የምታንጋጥጠውስ?" አለች መዓዛ። "እሱም ለማየት ነው?"

"ባዶ ነው።"

"ሲያልቅማ ባዶ ነው።"

ጋሽ ምናሉ እጃቸውን አነሱ። "ጠርሙሶቹ ከዚህ ቤት የወጡ ናቸው?"

ደምሰው ወደ መኝታ ቤቱ በር ተመለከተ። "ናቸው።"

"እንግዲህ ስንዱ ትጠራና እሷው ትንገረን" አለች መዓዛ፤ ተነሳች።

"እሷን ተዋት" አለ ደምሰው። "ያለባት ይበቃታል። የኔ ናቸው። እጠጣለሁ።"

መዓዛ ተቀመጠች።

"እውነቱን ስላወጣህ ጌታ ይባርክህ" አሉ ጋሽ ምናሉ። "ከኳየር ግን ትወርዳለህ። በጉባኤው ፊት ንስሐ ትገባለህ። እነዚህም ከቤት ይውጡ፤ ዛሬ።"

"ለሚሰበስብ ሰው ልስጣቸው?"

"አንተን የጣለህን ለሌላ ሰው ትሰጣለህ?"

"ስንዱን ግን ነገ እንዳታስቀራት" አለች መዓዛ። "ልጆቹ ይጠብቋታል። ፊቷ የሚፈታው እነሱ ጋ ስትሆን ብቻ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ ደምሰው። "ትመጣለች።"

በካርቶን አድርጎ ወደ ፓርኪንጉ አወረዳቸው። ትልቁ የቆሻሻ ገንዳ ጋ ቆሞ አንድ በአንድ ብረቱ ላይ ሰበራቸው። ስም ያለባቸውም ተሰበሩ። ክዳኖቹ ብቻ አልሰበር ብለው አስፋልቱ ላይ እየተንከባለሉ ቀሩ።

መጨረሻ ላይ አንዱ እጁ ውስጥ ቀረ።

"ይህቺን የኑኃሚን ነበር የምንላት" አለ።

"ይህ የሕፃን ዕቃ ነው?" አሉ ጋሽ ምናሉ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሎ ነበር። "እሱንም፣ ልጄ።"

ደምሰው ክዳኑን ከፈተ፤ ኩባያውን ወደ ፀሐይ አንስቶ ውስጡን አየ።

"ልማድ እኮ ነው" አለች መዓዛ። "አሁን እንኳ ጠብታ ቀርቶ እንደሆነ ያያል።"

ሰበረው።

ጋሽ ምናሉ ትከሻው ላይ እጃቸውን ጭነው ረጅም ጸሎት ጸለዩለት። ሲሄዱ መዓዛ ዞር ብላ፣ "ለዚያች ምስኪን እዘንላት" አለችው። እሺ አላት። መጥረጊያ አመጣና ስባሪውን ሰበሰበ፤ እዚያ ልጆች ይጫወታሉ።

ከዚያ ወደ ቤት ወጣ፤ መኝታ ቤቱን ከፈተ፤ ጠርሙሱን ከስንዱ እጅ አላቀቀና፣ ቢያስመልሳት እንዳያንቃት በጎኗ አስተኛት።