ከፋይሉ የጎደለው ሜዳሊያ

የሚያከብራችሁን ሰው ዓይኑን ማየት አቅቷችሁ ያውቃል?

ጡረተኛው ሻምበል በቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ቢሮ ወረፋ ይዞ ወለል ወለሉን ያያል። አጠገቡ የተቀመጠው አሥር አለቃ ዱባለ ግን ለወረፋተኛው ሁሉ ያወራል። "የጥንት አለቃዬ ናቸው! ሊመሰክሩልኝ መጥተው ነው።"

"አለቃ ለወታደሩ ሲመሰክር ገና ዛሬ አየሁ" አለ አንዱ፤ ተሳሳቁ።

ዱባለ ከአንድ ውጊያ በኋላ "ሜዳሊያ ተጽፎልሃል" ቢባልም ሜዳሊያው በአገልግሎት ፋይሉ ላይ አልሰፈረም። ቢሮው ፋይሉን የሚያርምለት አብሮት የዘመተ ምስክር ካመጣ ነው፤ በሕይወት የቀረው ደግሞ ሻምበሉ ብቻ ነው። ሻምበሉ እምቢ ሊል አስቦ አፉ አልታዘዘለትም። አሁን የሚፈልገው ቶሎ ፈርሞ መሄድ ነው።

"ምን ሠርተው ነበር አባባ?" አለች የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ተራቸው ሲደርስ።

"አለቃዬ ቆስለው ወደቁ። ጥይት እየዘነበ በጀርባዬ አዝዬ አወጣኋቸው።"

"የትኛው አለቃዎ?"

"እኚሁ ናቸዋ! ያኔ ወፍራም ነበሩ፤ እስካሁን ወገቤን ያመኛል።"

ሴትዮዋ የሽልማት መዝገቡን ገልጣ በጣቷ ወረደች። "በዚያ ውጊያ ቁስለኛ አዝሎ በማውጣት የተሸለመ አንድ ሰው ብቻ አለ" አለችና የሻምበሉን ስም ከነአያቱ አነበበች።

ወረፋተኛው ሁሉ ወደ ሻምበሉ ዞረ።

"ውጭ እንውጣና ላስረዳህ" አለ ሻምበሉ በሹክሹክታ።

"የለም ጌታዬ" አለ ዱባለ። "እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይንገሩኝ። ያን ቀን ማን ማንን አዘለ?"