ቤት የሚያስውለው ሣጥን

«አባቴን ብቻዬን አልቀብርም አልኩህ!» አለች ምንትዋብ።

«ታዲያ የገዛ እንቁላሎችሽን ማን ይጠብቅልሽ?» አላት ባሏ ደምመላሽ።

ከካንሰር ሕክምናዋ በፊት የተወሰዱት የዘር እንቁላሎቿ ሳሎን በተቀመጠው ማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ሕጉ ጥበቃውን ከሆስፒታሎች ወስዶ ለየቤቱ ካስረከበ ወዲህ ሣጥኑ በየሰዓቱ የአንዳቸውን መዳፍ ካላገኘ ማቀዝቀዙን ያቆማል። የማስፀነሻ ተራቸውን ሲጠብቁ ስድስት ዓመት አብረው ከቤት ወጥተው አያውቁም፤ የበራቸው ቁልፍ የት እንደገባ እንኳ ረስተዋል።

«እድርተኛው እኮ ‹ተፋትተዋል› ነው የሚለን።»

«ልጅሽን አዝለሽ ስታልፊ ያፍሩ የለ!»

ሣጥኑ ጮኸ። ደምመላሽ ሮጦ መዳፉን አሳረፈበትና ጀርባውን እንደሰጣት ስለሚወለደው ልጅ ማውራቱን ቀጠለ። ምንትዋብ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። የባሏ ድምፅ እስከ አጥሩ ድረስ ተከተላት።