ባዶው ሙቀጫ

አንድ ትልቅ ኩባንያ የ«ንጋት» ሬዲዮን ስም ሲገዛ ዘርፌ አልሰጋችም። «ኩባንያውን ባላውቀው ስሙን አውቀዋለሁ፤ አባቴን አርባ ዓመት አላሳፈራቸውም» ብላ አዲሱን ሬዲዮ በገዛ እጇ ጓዳዋ አስገባችው። ዛሬ እሱን መንቀል በሕግ ተከልክሏል። ሬዲዮው የሰማውን ሁሉ ለኩባንያው ይነግራል፤ ሲስል የተሰማ ሠራተኛም ከፋብሪካ ይባረራል።

ልጇ ብርነሽ ከፋብሪካ ደረቷን ይዛ ስትገባ ዘርፌ ዘነዘናውን አንስታ ሙቀጫውን ትደልቀው ጀመር። ብርነሽ በጩኸቱ ተከልላ እስኪወጣላት ሳለች።

«እማዬ፣ ጎረቤቱ በርበሬ ነጋዴ ሆነች እያለሽ ነው እኮ።»

«ይበለኝ! አንቺ ሳልሽን ጨርሺ።»

ክንዷ ዝሎ ዘነዘናውን ስታሳርፍ፣ ሬዲዮው አባቷ በሚወዱት በዚያ በድሮው ለስላሳ ድምፅ ተናገረ፦

«እትዬ ዘርፌ፣ ሙቀጫው ባዶ ነው። ብርነሽን መቼ ጀመራት?»