ውባለም ትሙት!

ሽማግሌው ቤታቸውን ለውባለም በስጦታ ሊሰጡ ከውል አዋዋዩ መስኮት ፊት ቆመዋል። እሷ ክርናቸውን ይዛለች።

«ለልጅ ከሆነ ቀረጥ የለውም» አለ አዋዋዩ። «ለባዕድ ከሆነ ግን ይከፈልበታል። የልደት ወረቀት ስለሌላት ይማሉልኝ፤ የአብራክዎ ክፋይ ናት?»

መማል ለእሳቸው ብርቅ አልነበረም። ገበያ ላይ ሲከራከሩም ሆነ ጠበኛ ሲያስታርቁ፣ «ውባለም ትሙት!» ካሉ አገር ያምናቸዋል። በሐሰት ግን አንድም ቀን በስሟ ምለው አያውቁም።

ቀኝ እጃቸውን አነሱ።

«ውባለም...» ብለው ቀሪውን ዋጡት።

«አባባ፣ ሰልፉን ይዩት እንጂ! ልጅዎ ናት አይደለችም?»

እውነቱን ቢናገሩ ልጅቷን የሚያጧት መሰላቸው። ቢዋሹ ደግሞ የሚምሉት በሞቷ ነው። እጃቸውን እንዳነሱ ቀሩ። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ማጉረምረሙን ተወና አንገቱን አስግጎ ያያቸው ገባ።

ውባለም የተነሳውን እጅ ይዛ ቀስ ብላ አወረደችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ፣ በላስቲክ የታሰረ ብር አወጣችና መስኮቱ ላይ አኖረች።

«አትማል አባዬ» አለች። «የቀረጡን ይዤ መጥቻለሁ።»