የሞኖብሎኩ ፍተሻ

ሃርላን የሞተሩን ዋና የብረት አካል፣ ሞኖብሎኩን፣ ሳይፈትሽ ሰባራ ሳንቲም አያወጣም። እንደ ኦሃዮ ሽማግሌ መካኒኮች በመዶሻ ይመታዋል፤ እንደ ደወል ካቃጨለ ደህና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ግን ተሰንጥቋል ማለት ነው።

ታናሽ ወንድሙ ሎይድ ከሞተሩ ማዶ ቆሞ፣ የሟች አባታቸውን አሮጌ ዶጅ መኪና በርካሽ ለማስነሳት የሚገዛውን ዕቃ ካርቶን ላይ ይጽፋል።

"ፒስተን ስምንት፣ የፒስተን ፋሻ፣ ካርቡራተር..."

"ካርቡራተርማ አባዬ አስቀምጦልን የለ እንዴ?"

ሎይድ አቀረቀረ። ሃርላን መዶሻውን ብረቱ ላይ አሳረፈ። ሞኖብሎኩ ሲያቃጭል ሎይድ ጎኑን ይዞ ታጠፈ።

"ምን ሆንክ?"

"እኔ እንጃ፤ የመታኸኝ መሰለኝ።"

ሃርላን መዶሻውን አየ፤ ወንድሙን አየ። ደግሞ ሞኖብሎኩን መታ። የሎይድ ጎድን ቀጭ ሲል ሁለቱም ሰሙት።

"ካርቡራተሩን የት አደረስከው?"

"ሸጥኩት! በእማዬ ሞት ተው!"

በሦስተኛው ምት ሎይድ ደም እየተፋ ወለሉ ላይ ተዘረረ። የሃርላን ንዴት ግን አልበረደም። መዶሻውን እንደገና ሲያነሳ፣ ወንድሙ በዚያኛው በኩል ትልቁን መፍቻ ይዞ ሞተሩን እየተደገፈ ተነሳ።

"በእኔ በኩልስ ተሰንጥቆ እንደሆነ?" አለና ባለ በሌለ ኃይሉ መፍቻውን ሞተሩ ላይ አሳረፈ።

ሞኖብሎኩ እንደ ደወል አቃጨለ። ሃርላን አፉን ያዘ፤ ሁለት የፊት ጥርሶቹ መዳፉ ላይ ረገፉ።

"ደህና ነው፤ አልተሰነጠቀም" አለ ሎይድ፣ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ። "በል ቀጥል፤ ተራው ያንተ ነው።"