ኢንዛይም የሌለበት ብልቃጥ

ስክሪኑ ላይ ቀጭኑ መስመር ሽቅብ ሲወጣ የተማሪዋ የቤተ ሙከራ ጓደኛ እያጨበጨበች ዘለለች። ስኳሩ ላይ ሜቲል የምትባለው ትንሽ ቁራጭ ተለጥፋለች፤ ለጣፊው ተማሪዋ ከአፈር ባክቴሪያ ያወጣችው ኢንዛይም ከሆነ ዲግሪው በእጇ ነው።
"ዶክተርን ልጥራቸው!"
"ቆይ እንጂ፣ ለማወዳደሪያ ኢንዛይም የሌለበት ብልቃጥ ይቀረናል።"
"አንቺ ሴትዮ፣ ዳቦው ወጥቶ ባዶውን ምድጃ ልትፈትሺ?" ብላ ጓደኛዋ እየሳቀች ሮጠች።

ተማሪዋ ብልቃጡን መለኪያ ማሽኑ ውስጥ ከትታ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች። መስመሩ እዚያው ቦታ ላይ ወጣ፤ ቁመቱም እኩል ነው። ዓይኗ አሲድ ወደተቀላቀለበት የሜታኖል ጠርሙስ ሄደ። ሙከራውን ለማስቆም ሁለቱም ብልቃጦች ላይ ያፈሰሰችው እሱን ነበር። ሜቲሏን ለስኳሩ የሰጠው ኢንዛይሙ ሳይሆን እሱ ነው።

በሩ ተበረገደ። "የታለች ጀግናዬ? እስቲ አሳዪኝ!" አሉ አማካሪዋ ዶክተር። ጓደኛዋ ጥርሷ አልከደን ብሏት ከኋላቸው ቆማለች። የመጀመሪያውን ምስል መክፈት ጣት ማንቀሳቀስ ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ከፈተችና ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

"ባዶው ምድጃም ጋግሯል።"